በቆጠራው መዝገብ ላይ ያልነበረው ስም

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። እናቴ ውሻ ሲያላዝን በሰማች ቁጥር «ይሄ ነገር ደግ አይደለም» ስትል እኔ «ርቦት ነው» የምል ልጅ ነበርኩ፣ ጎረቤታችን ኮርኒስ ላይ አንድ ነገር ይራመዳል ተብሎ ቤቱ ጠበል ሲረጭ ደግሞ መሰላል አስደግፌ ወጥቼ ድመት ከነግልገሎቿ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሌላም ልጨምርላችሁ፣ እናንተ ሳትሉኝ እኔው ልቅደማችሁ፣ ያን ሰሞን በጣም ደክሞኝ ነበር። ስለዚህ «ደክሟት ነው» ብትሉኝ አልቆጣም፣ እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ እንደዚያ ብያለሁ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሲያትል ውስጥ ሁለት ሥራ እሠራ ነበር፣ ቀን ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት እንከባከባለሁ፣ ከዚያ ወጥቼ በአውቶቡስ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል እገባና እስከ እኩለ ሌሊት አንሶላ አጥፋለሁ። እመኑኝ፣ ሰው ቆሞ አንሶላ እያጠፈ እንቅልፍ ሊወስደው ይችላል፣ ወስዶኝ ያውቃል።

አሮጊቷ ሚስስ ሩቢ ይባላሉ። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፣ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፋብሪካ ሥራ ከሉዊዚያና መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ባላቸውንም አንድ ልጃቸውንም የቀበሩ፣ በመጨረሻም ስኳር ዓይናቸውን የወሰደባቸው ሴት ናቸው። ጽጌ የሚለውን ስሜን መጥራት አልሆንላቸው ብሎ «ሲጊ» ነበር የሚሉኝ። አንድ ቀን እግራቸውን እያጠብኩ ሳለሁ ድንገት፣

«ሲጊ፣ እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ አይደል?» አሉኝ።

«ቀስ ካልኩ አነባለሁ።»

«እኔም የምቸኩልበት የለኝም። ዓይንሽን ታውሺኛለሽ?»

የፈለጉት የእናታቸውን አባት ነው። አይዛክ ቤል ይባላል፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከባርነት አምልጦ በሰሜኑ ጦር የዘመተ ሰው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ዳይና የምትባል ሴት አግብቶ ሎቲ የምትባል ልጅ ወለደ፣ ሎቲ የሚስስ ሩቢ እናት ናት። ሎቲ ሰባት ዓመቷ ሳለ አባቷ አንድ ጠዋት «ወንዝ ማዶ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ዳይና እስክትሞት ድረስ «ያለምክንያት አይቀርም» እያለች ኖረች፣ ሎቲ ግን የአባቷን ስም በአፏ ሳታነሳ አረጀች፣ ስትሞትም ለሚስስ ሩቢ የነገረቻቸው «ትቶን ነው የሄደው» ብላ ነው።

«እንግዲህ እኔም ወደ እሷ መሄጃዬ ደርሷል» አሉኝ ሚስስ ሩቢ፣ «ስደርስ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ እሱን ነው። ባዶ እጄን አልሄድም።»

ስለዚህ በየሐሙሱ የአካል ጉዳተኞች ቫን እየመጣ ወደ ሰሜን፣ ሐይቁ አካባቢ ወዳለው የመንግሥት መዝገብ ቤት ይወስደን ጀመር። የድሮው የሕዝብ ቆጠራ እዚያ በፊልም ተቀድቶ ተቀምጧል፣ ጥቅልሉን ትንሽ ቴሌቪዥን የሚመስል ማሽን ላይ ትጭኑና በእጅ እያሽከረከራችሁ ታነባላችሁ። ጽሑፉ በእጅ የተጻፈ፣ ፊደሉ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፣ እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ጽሑፍ ማንበብ ጨርሶ አልችልም፣ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አንድ ስም ለመጨረስ ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። የሚረዳን ሚስተር ዋልተር የሚባል ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሽማግሌ።

በአምስተኛው ሐሙስ ቤተሰቡን አገኘናቸው። አይዛክ ቤል፣ ገበሬ። ዳይና፣ ሚስት። ሎቲ፣ ሦስት ዓመት። ሚስስ ሩቢ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርጌ እንዳሳያቸው ጠየቁኝና አደረግሁላቸው፣ እናታቸውን በሦስት ዓመቷ ነኳት ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ቆጠራ በእሳት ጠፍቷል አሉን፣ ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ዳይና ብቻዋን ናት፣ «ባለትዳር» ይላል፣ ባል ግን የለም።

ሚስተር ዋልተር «ዘምቶ ከነበረ የወታደር ጡረታ ጠይቆ ይሆናል፣ ከጠየቀ ዋሽንግተን ዲሲ ፋይል አለው» ብሎ የጡረታውን ማውጫ አወጣልን። ብዙ አይዛክ ቤል አገኘን፣ አንዱም የእኛ አይደለም።

«በሌላ ስም ዘምቶ ሊሆን ይችላል» አለን። «ከባርነት የወጡት ብዙዎቹ ሲመዘገቡ የጌታቸውን ስም ይዘው ነው፣ ነፃ ሲወጡ ይጥሉታል። ግን ያኛውን ስም ካላወቅን መርፌ ጭድ ውስጥ መፈለግ ነው።»



አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ኅዳር ውስጥ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ባልደረባዬ ታማ የእሷንም ሺፍት ደርቤ ስሠራ አድሬ አንድ ሰዓት እንኳ ሳልተኛ ነው የሄድኩት፣ ጫማዬ ውኃ አስገብቷል። ሚስስ ሩቢ «የመጨረሻ ጊዜ ነው፣ ያንን ገጽ ከላይ እስከ ታች አንብቢልኝ፣ ጎረቤቶቹንም ሳትዘይ፣ ከዚያ አላስቸግርሽም» አሉኝ። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ውጭው ጨልሟል፣ ክፍሉ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው የለም፣ ሚስተር ዋልተር በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው።

እያነበብኩ ነው፣ ያው እየለቀምኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የጥቅልሉን ቀጭ ቀጭ ነው፣ እጄን ከማሽከርከሪያው አንስቼ ዓይኔን እያሸሁ ነበር፣ ቀጭ ቀጭ ማለቱን አላቆመም። አየሁት፣ ጥቅልሉ ቆሟል። ማሽኑ አርጅቷል ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ የእርጥብ ሱፍ ሽታ መጣ፣ ካፖርታችን ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ትንፋሽ፣ ደረጃ ወጥቶ እንደመጣ ሰው የሚቆራረጥ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ሚስስ ሩቢ ደከማቸው መሰለኝና ዞር ብዬ አየኋቸው፣ አፋቸውን ገጥመው ተረጋግተው ተቀምጠዋል። መስታወቱ ጠርዝ ላይ፣ ብርሃኑ በማይደርስበት በኩል፣ ከትከሻዬ በላይ አንድ የቆመ ጥላ ይታያል፣ ሚስተር ዋልተር ሊዘጋ መጥቶ ይሆናል ብዬ ወንበሬን ወደ ጎን ሳብ አደረግሁለት። እስከዚህ ድረስ ምንም አልፈራሁም፣ ያስፈራኝ ሚስስ ሩቢ የተናገሩት ነው።

«ሲጊ፣ ለሰውየው ወንበር ስጪው እንጂ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ከገባ ጀምሮ ቆሞ ነው።»

መልስ ልሰጣቸው ስል ንባቡ ቀለለኝ። እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ያ የተያያዘ ፊደል ድንገት እንደ ጋዜጣ ሆነልኝ፣ «እዚህ አለ፣ ስሙ እዚህ አለ፣ አይዛክ ፕራዘር» አልኩ፣ ሳልለቅም፣ ሳልደናቀፍ።

«ፕራዘር?» አሉ። «ጻፊው፣ አሁኑኑ ጻፊው።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ወዲያው ከበሩ በኩል ሚስተር ዋልተር «ኦኬ፣ ልንዘጋ ነው» አለን፣ ከጠረጴዛው አልተነሳም ነበር። ዞርኩ፣ ከኋላዬ ማንም የለም። አሁን የወጣ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት፣ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ የገባም የወጣም የለም አለኝ። ገጹን ኮፒ አድርጌ ወጣን።

በማግስቱ ጠዋት ሚስስ ሩቢ ቤት፣ ኮፒውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አጉሊ መነጽር ይዤ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ፈለግሁ። ፕራዘር የሚባል ስም የለም። እንደገና ፈለግሁ፣ የለም። በድካሜ ተሳስቼ አሮጊቷን በከንቱ ተስፋ አስያዝኳቸው ብዬ እያፈርኩ ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ስሙን የጻፍኩት በአማርኛ ፊደል ነው።

ይሄ ምን ያስደንቃል ትሉ ይሆናል። ከመስታወቱ ላይ የምገለብጠውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምጽፈው፣ እንዳየሁት፣ አንድ ፊደል እንዳይሳሳት እየተጠነቀቅሁ፣ የየሐሙሱ ማስታወሻዬ በሙሉ እንደዚያ ነው። በአማርኛ የምጽፈው በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ነው፣ ስልክ ላይ ሰው ስሙን ሲነግረኝ፣ ሐኪም መድኃኒት ሲነግረኝ። ያንን ስም አላነበብኩትም ማለት ነው።

ለሚስስ ሩቢ እንዳለ ነገርኳቸው። አልደነገጡም፣ «ትንፋሹን እኔም ሰምቻለሁ» ብቻ አሉኝና ሚስተር ዋልተርን ኮል እንዳደርግ አዘዙኝ። ስሙን ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኩትም፣ አፈርኩ። በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ ስለማላውቅ ድምፁን እያሰማሁት እሱ በሦስት በአራት ዓይነት ጽፎ ፈለገ፣ ከሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። ከሉዊዚያና የዘመተ አይዛክ ፕራዘር አንድ ሰው አለ። አንድ ብቻ።

ፋይሉ ከዋሽንግተን እስኪመጣ የሲያትል ክረምት አለቀ። ሲመጣ ሚስተር ዋልተር ራሱ ቅዳሜ ቀን ቤት መጥቶ አነበበልን። ሰውየው ጡረታ ለመጠየቅ ወንዝ ማዶ ካለው ከተማ የሐኪሞች ቦርድ ዘንድ ቀርቧል፣ ሐኪሞቹ «ደረቱ የታመመ፣ ጥቂት ሲራመድ ትንፋሽ የሚያጥረው» ብለው ጽፈዋል። እዚያው ሳለ ሳንባው ተመቶ የድሆች ሆስፒታል ተኝቷል፣ አልጋው ላይ ሆኖ ቃሉን ሰጥቷል፣ ሚስቱ ዳይና፣ ልጁ ሎቲ እንደሚባሉ፣ ገንዘቡ ይሳካ አይሳካ ስላላወቀ በከንቱ ተስፋ እንዳያሲዛቸው ብሎ የሚሄድበትን እንዳልነገራቸው፣ አሁን ግን ያለበትን ሰው እንዲነግርለት ለምኗል። መጻፍ ስለማይችል በፊርማው ቦታ መስቀል አድርጓል። ከዚያ በኋላ ሌላ ወረቀት የለም፣ ሽፋኑ ላይ ማኅተም ብቻ አለ።

«ማኅተሙ ምን ይላል?» አሉ ሚስስ ሩቢ።

ሚስተር ዋልተር ሽፋኑን ወደ ብርሃኑ አዞረ። «ባለጉዳዩ ጉዳዩን ትቶ ስለሄደ ተዘግቷል፣ ይላል።»

«ለእናቴ የምነግራት አገኘሁ» አሉ ሚስስ ሩቢ። አላለቀሱም፣ ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ቆይቶ እንዳወረደ ሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ፣ እኔም ያን ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳያቸው እንቅልፌ መጣ፣ እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም።

ማታ አስተኝቻቸው ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ሲጊ፣ ድምፁ እንዴት ያለ ነበር? ተቆጥቶ ነበር?»

«የለም፣ ለስላሳ ድምፅ ነው» አልኳቸው። ደስ አላቸው። በግንቦት ነው የሞቱት፣ በእንቅልፋቸው።

ዋሽቻቸዋለሁ። ድምፁን አላስታውሰውም፣ በእንግሊዝኛ ይሁን በአማርኛ እንኳ ልነግራችሁ አልችልም፣ ገብቶኝ ነበር፣ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ለእሳቸውም ለሚስተር ዋልተርም ያልነገርኩት ግን ሌላ ነው። ስሙን ጽፌ ብዕሩን ሳስቀምጥ ሰውየው አላበቃም ነበር። ቀጥሎ ተናግሯል፣ ረጋ ብሎ፣ ረዘም ያለ ነገር፣ እኔ ግን ሚስተር ዋልተር መብራት እንዳያጠፋብን፣ ቫኑ እንዳያመልጠን፣ ቫኑ ካመለጠን ደግሞ ሺፍቴ ላይ እንደምዘገይ እያሰብኩ ነበር፣ አላዳመጥኩትም።