ቦታ ጠባቂዋ

«ወደቀች» አለ ጩጬ፣ ጨምድዶ የያዘውን ሶፍት እየገለጠ።

ሶፍቱ ላይ ያለችው ነገር ከትንሽ ጣት ጥፍር አትበልጥም። አንዲት የብረት ቀለበት ናት፤ ከጎኗ ደግሞ ወደ ፊት ወጥታ የታጠፈች ሽቦ አለች። ቀጮ አንዴ አየቻትና ዓይኗን ጨፈነች። ከጠዋት ጀምሮ በየኮሪደሩ ስታነበንበው የዋለችውን የዜና ወረቀት አጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ዶክተሯ በማጣበቂያ የለጠፈቻት እንዴት ብላ ነው የምትወድቀው?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ዳቦ እየበላሁ ቀጭ አለችና ወደቀች።»

«መቼ?»

«ትናንት። እህትዬ፣ በናትሽ ለእማ እንዳትነግሪያት።»

ሌላ ጊዜ «ቀጮ» ነው የሚላት። ጓደኞቿ ቁመቷንና ቅጥነቷን አይተው ያወጡላት ስም ቤት ድረስ ገብቶ ቀርቷል። «እህትዬ» ካለ ግን ጉድ አለ ማለት ነው።

ጩጬ ሰባት ዓመቱ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንዱ የታችኛው መንጋጋው ተቦርቡሮ ጉንጩ እንደ ኳስ አበጠና ጥርሱ ተነቀለ። የወተት ጥርስ ስለሆነ ሁሉም ሰው «ይበቅላል፣ ምን ችግር አለው» ብሎ ነበር። የልጆች ጥርስ ሐኪሟ ግን በዚህ አልተስማማችም። «መብቀሉንስ ይበቅላል፤ ግን ገና ዓመታት ይቀሩታል። እስከዚያ ቦታው ባዶ ከተተወ የኋላው ጥርስ እየተንፏቀቀ ይመጣና ይቀመጥበታል። ባለቤቱ ሲመጣ መግቢያ ያጣል።» ስለዚህ ቀለበቷን ከኋላ ባለው ጥርስ ላይ አጠለቀችለት፤ ሽቦዋም ባዶውን ቦታ ተሻግራ ከፊት ያለውን ጥርስ ተደገፈች። ስሟ «ቦታ ጠባቂ» ነው። ዶክተሯ «አውቶቡስ ላይ ቀድማ ገብታ ወንበር የምትይዝልህ ጓደኛ በላት» ስትለው ቀጮ ከት ብላ ሳቀች።

ባትስቅ ይሻላት ነበር። ዶክተሯ ዘወር ብላ አፏን አየችው።

«አንቺስ በልጅነትሽ ጥርስ ተነቅለሻል እንዴ?»

«በስድስት ዓመቷ» ብላ እናታቸው መለሰችላት። «ከላይ፣ በዚህ በኩል።»

«ለዚያ ነዋ ክራንቻዋ ቦታ አጥቶ ድዷ ላይ የወጣው።»

በቃ፣ ይኸው ነበር። ቀጮ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ የምታደርግበት፣ ፎቶ ስትነሳ ከንፈሯን የምትገጥምበት፣ ክፍል ውስጥ «ባለ ሁለት ፎቅ» የተባለችበት ጥርስ ሌላ ምክንያት የለውም፤ አንዲት ቁራጭ ሽቦ የሚያስገባላት ሰው አለመገኘቱ ብቻ ነው። የዚያን ዕለት እናቷ ከክሊኒክ እስከ ቤት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ ወዲህ በየማታው ከሥራ ስትገባ «የጩጬን አፍ አይተሻል?» ትላለች። የቀጮን አፍ የጠየቀ ሰው ግን የለም።

ዛሬ ደግሞ! ሌላ ቀን የጠፋ ይመስል! የመጨረሻው ደወል እንደተደወለ የትምህርት ቤቱ ሬዲዮ አንባቢዎች ይመረጣሉ። ቀጮ ይህንን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ድምፅዋ ያምራል፤ እሷም ታውቀዋለች፣ የቋንቋ መምህሩም ነግረዋታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሬዲዮ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሲናገር የማንም ጥርስ አይታይም።

ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ዞራ ወደ ክሊኒኩ ደወለች።

«ዶክተር ዛሬ ከሰዓት አሉ» አለች ስልኩን ያነሳችው እንግዳ ተቀባይ። «ከነገ ጀምሮ ግን ለአንድ ወር እረፍት ይወጣሉ።»

«ሌላ ሐኪም የለም?»

«ለልጆች እሳቸው ብቻ ናቸው። ቀለበቷን ይዛችሁ ቶሎ ኑ፤ ዛሬ ቀደም ብለው ነው የሚወጡት።»

ወደ እናቷ ደወለች። አይነሳም። እናቷ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ክፍል ነው የምትሠራው፤ በሥራ ሰዓት ስልኳ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይውላል። ቀጮ ስልኩን እንቅ አድርጋ እንደያዘች ወደ መምህራን ክፍል ሮጠች።

«መምህር፣ እኔ አሁን ቀድሜ ባነብስ?»

የቋንቋ መምህሩ ከሚያርሙት የፈተና ወረቀት ቀና አሉ። «ዳኞቹ ሁሉ ክፍል ውስጥ ናቸው እኮ። ማን ይስማሽ?»

«አንድ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው።»

«ጉዳይ የሌለው ማን አለ ልጄ? ከደወል በኋላ ሁላችሁም እኩል ነው።» ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም ፈገግ ብለውላታል። እሷን የበለጠ ያናደዳት ይኸው ፈገግታቸው ነው።

ደወሉ ሲደወል ጩጬ ቦርሳውን እየጎተተ መጣ። ፊቷን አይቶ ነገሩ ገባው።

«ቀጮ፣ ግድ የለሽም፣ አንቺ ሂጂና አንብቢ። እኔ እንደሆነ አፌ ቀሎኛል። ምግብም አይሰገሰግብኝም።»

«ወሩስ?»

«የምን ወር?»

ቀጮ ምርጫው ወደሚካሄድበት አዳራሽ ዞራ አየች። አንድ ወር ምን አላት? ማን ያውቃል? እናቷ ማታ ስትጠይቃት «አይቻለሁ» ማለት ነው፤ ከዚህ በፊትም ብላዋለች። ጩጬ ራሱ አልፈልግም ካለ የእሷ ጭንቀት ምንድን ነው? ለእሷስ ማን ተጨነቀላት? ከአዳራሹ በኩል ወንበር ሲጎተት ይሰማል። አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ በሩ ላይ ቆማ «ነይ እንጂ! ልንጀምር ነው!» እያለች እጇን ታወናጭፋለች።

ጩጬ ያለምንም ሐሳብ ፈገግ አለላት። ጥርሶቹ ትንንሽና ነጫጭ ናቸው። ፊት ለፊት የሚታዩት ሁሉ በየቦታቸው ተሰልፈዋል።

«ና ወዲህ!» ብላ እጁን ያዘች። «ዛሬ በጣም ነው የተቀየምኩህ። እስከ ቤት ድረስ እንዳታናግረኝ።»

«ክሊኒክ አይደለም እንዴ የምንሄደው?»

«አንዲት ቃል እንዳልሰማ!»

መንገዱ ተዘጋግቷል፤ አውቶቡሱ ቢጠበቅ ቢጠበቅ አልመጣም። በእግራቸው ሄዱ። ጩጬ አንዴ የጫማዬ ክር ተፈታ ይላል፣ አንዴ ሽንቴ መጣ ይላል። ቀጮ ለእናቷ አለቃ ደውላ «እባክዎ፣ ክሊኒክ ነን በሉልኝ» ካለች በኋላ የጓደኛዋ መልእክት መጣ፦ «ስምሽ ሁለቴ ተጠራ። ፎግረሽን ነው?» ምን ብላ ትመልስ? የወንድሜ የወተት ጥርስ ቦታ እንዳይያዝ ብዬ ነው ትበል?

ክሊኒኩ ሲደርሱ ዶክተሯ ነጭ ጋውኗን አውልቃ ቦርሳዋን አንስታ ነበር። ጩጬን ስታይ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። «ና እስቲ፣ የእኔ ጀግና» ብላ ወንበሩ ላይ አወጣችው፤ ቀለበቷን አጥባና አድርቃ፣ በመቆንጠጫ ይዛ ጥርሱ ላይ ልታጠልቃት ሞከረች። አልገባችም። አዙራ ሞከረች። አሁንም አልገባችም።

«መቼ ነው የወጣችው?»

«ትናንት» አለ ጩጬ፣ አፉ እንደተከፈተ።

ዶክተሯ መብራቱን አስጠጋች። «ትናንት አይመስለኝም።»

«ትናንት ባይሆን እንኳ... መምህራችን ኬክ ያመጣችልን ቀን።»

ቀጮ ከተቀመጠችበት ተነሳች። የጩጬ መምህርት ልደት ሁለት ሳምንት አልፎታል። «ሁለት ሳምንት ሙሉ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ደብቀኸኛል?»

«አልደበቅኩሽም! አንቺ አፌን አላየሽም!» ጩጬ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ከሶፋው ላይ ሆነሽ 'ታጠብክ?' ትይኛለሽ፣ አዎ እላለሁ፣ በቃ። ደግሞ ሽቦዋን አልወዳትም። ሁልጊዜ ምላሴ ይነካታል። እስከ አራተኛ ክፍል አፌ ውስጥ ትቀመጣለች ብለውኛል፤ እስከ አራተኛ ክፍል!»

ቀጮ ፊቷ ጋለ።

«ቦታው ትንሽ ጠቧል» አለች ዶክተሯ ረጋ ብላ። «ግን ጨርሶ አልተዘጋም። አንድ ወር ጠብቃችሁ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። አዲስ ልኬት ወስጄ ዛሬውኑ ቀለበቷን ለሚሠራው ባለሙያ እልካለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ክሊኒክ ያለ ባልደረባዬ መጥቶ እንዲገጥምለት እለምነዋለሁ።»

«በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና?» አለች ቀጮ።

«እንደገና።»

ልኬቱ የሚወሰድበት ሊጥ የመሰለ ሮዝ ነገር በብረት ማንኪያ ሆኖ አፉ ውስጥ ሲገባ ጩጬ አቅለሸለሸው። እግሩን አወራጨ። ቀጮ ሳታስበው እጁን ያዘችው፤ ጥፍሩን መዳፏ ውስጥ ቀበረው። «በአፍንጫህ ተንፍስ» አለችው። «በአፍንጫ፣ ቀስ ብለህ። እኔን እያየኸኝ።» እንደተናደደች ነበር ያለችው።

እናታቸው የገባችው ሊጡ ከአፉ ሲወጣ ነው። የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም፤ እጆቿ ከውሃው ብዛት ተሸብሽበዋል። የሆነውን ሰማች። ቀለበቷን አየች። ከዚያ ወደ ቀጮ ዞረች።

«በየማታው እይው አላልኩሽም?»

«ብለሻል።»

«ታዲያ አላየሽውም?»

«አላየሁትም» አለች ቀጮ። ውሸቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ዛሬ ለውሸት የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። «አይቻለሁ እያልኩሽ አላየሁትም። ደክሞኝ ነው። ሁልጊዜ የእሱ አፍ፣ የእሱ ጥርስ፣ የእሱ ቀጠሮ! ዛሬ እኮ የሬዲዮው ቀን ነበር እማ። ስሜ ሁለቴ ተጠራ። አሁን ሌላ ሰው ተመርጧል። የእኔ ጥርስ ሲነቀልስ? ያኔ ቦታዬን ማን ጠበቀልኝ?»

ዶክተሯ ጀርባዋን ሰጥታቸው እጇን መታጠብ ጀመረች፤ ጩጬም ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኖ አንዴ እናቱን አንዴ እህቱን ያያል።

እናታቸው አጠገባቸው ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣ የነበረች ሴት ትመስል ነበር፤ ቁጣው ግን የት እንደገባ አይታወቅም።

«ጠይቄ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «የነቀለልሽን ሐኪም 'ቦታው ምንም አይሆንም ወይ?' ብዬ ጠይቄዋለሁ። 'የወተት ጥርስ ነው፤ ምን ያስጨንቅሻል' ብሎ ሳቀብኝ። አፈርኩ። ማፈሬ እስካሁን ያናድደኛል፤ ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ያን ጥርስሽን ባየሁ ቁጥር... ምን ብዬ ላንሳው? ባነሳብሽ የሚከፋሽ መስሎኝ ነው።»

«ዝም ስትይኝም ከፋኝ።»

«አሁን ገባኝ።» እናቷ የተሸበሸበ እጇን ዘርግታ ጉልበቷን ነካ አደረገቻት። «ሬዲዮውን አላውቅም ነበር። ለምን አልነገርሽኝም?»

ቀጮ ትከሻዋን ነቀነቀች። ሳይሳካ ቢቀር ማንም እንዳያውቅ ብላ ነበር። አሁንም አልተሳካም፤ ሁሉም ደግሞ አወቀ። ኪሷ ውስጥ ስልኳ እንደገና ተንቀጠቀጠ። አላወጣችውም፤ የተመረጠው ማን እንደሆነ ነገ ድምፅ ማጉያው ራሱ ይነግራታል። ያናድዳል። ነገም ያናድዳታል።

ጩጬ ከወንበሩ ወርዶ ከፊቷ ቆመ። ጉንጩ ላይ ሮዝ ሊጥ ደርቋል። «አሁንም ተቀይመሽኛል?»

«አዎ።»

«በጣም?»

«በጣም።» በሶፍት ጉንጩን ጠረገችለት። «ለሁለት ሳምንት እቀየምሃለሁ። ልክ እንደደበቅከኝ።»

ዶክተሯ እጇን አድርቃ ጠረጴዛዋ ላይ የቀጠሮ ካርድ አወጣች። የጩጬን ቀን ጻፈች፤ ባልደረባዋ እስኪመጣ ድረስ ልጁ በዚያ በኩል ጠንካራና የሚያጣብቅ ነገር እንዳያኝክ ለእናትየው አስረዳች። ካርዱን ስታቀብላት ቀጮ እጇን ዘርግታ አስቆመቻት።

«ዶክተር፣ የእኔ ጥርስ... ጊዜው አልፎበታል?»

«አላለፈበትም» አለች ዶክተሯ። «ግን አልዋሽሽም፣ ረጅም ነው። ራጅ ይነሳል፣ ምናልባት ዓመትና ከዚያ በላይ ሽቦ ይታሰራል። ሽቦው ይታያል። አንዳንዴም ያማል። በዚያ ላይ በየጊዜው እየመጣሽ ነው የሚስተካከለው።»

ጩጬ በአዘኔታ ከንፈሩን መጠጠ። እናቷ ወደ ቀጮ ዞራ መልሷን ጠበቀች።

ቀጮ ካርዱ ላይ የተጻፈውን የጩጬን ቀን አነበበች። በሚቀጥለው ሳምንት ከትምህርት ቤት ወጥታ ወደዚህ መምጣቷ እንደሆነ አልቀረላትም።

«እንግዲያው ሌላ ካርድ ያውጡልኝ» አለች። «በእኔ ስም።»