ለግራኝ የተሠራው ጠመንጃ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የሚወድ ሰው አይደለሁም፣ ሰው ተሰብስቦ ስለ ሙት መንፈስ ሲያወራ "ፍሪጁ ይሆናላ" ብዬ ጨዋታ የማበላሽ እኔ ነኝ፣ ሥራዬም አየር ማረፊያ ውስጥ ሻንጣ የሚያመላልሰውን ቀበቶ መጠገን ስለሆነ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚለኝ ሰው ሲመጣ ወዲያው የሚታየኝ የላላ ብሎን ነው። ባለቤቴ ሂሩት "አንተ መልአክ ቢገለጥልህ እንኳ ክንፉ በምን እንደታሰረ ነው የምትጠይቀው" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ስለዚህ የምነግራችሁን እመኑም አትመኑም፣ እኔ የሆነውን ብቻ ነው የማወራው።

ነገሩ ከአንድ ጠመንጃ ጋር የተያያዘ ነው። ቶሮንቶ ተቀምጦ ጠመንጃ ምን ያደርግለታል እንደምትሉ አውቃለሁ፣ እኔም ጋሼ መኩሪያን ባላውቅ ኖሮ እንደዚያው እል ነበር። ጋሼ መኩሪያ ሬክስዴል በሚባለው ሰፈራችን ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብለው የሚኖሩ ጡረተኛ ነበሩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጥተው በእርሻዎች መሀል ወዳለ የተኩስ ክበብ ይሄዳሉ፣ እዚያ ማሽን የሸክላ ሳህን ወደ ሰማይ ይወረውራል፣ እናንተ ሳይወድቅ በአየር ላይ ታደቁታላችሁ፣ በቃ ይኸው ነው። ዳክዬ ማደን በወቅቱ ይፈቀዳል፣ እሳቸው ግን "ዳክዬዋ ምን አደረገችኝ" ይሉ ነበር። አንድ ቀን "ና እስቲ" ብለው ወሰዱኝና በዚያው ቀረሁ፣ ኮርስ ወስጄ ፈቃድ አወጣሁ፣ ለራሴም ርካሽ ጠመንጃ ገዛሁ።

የእሳቸው ግን ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝ አገር የተሠራ አሮጌ ሾትገን፣ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን፣ ሁለት ምላጭ፣ ወገቡ ላይ የሚታጠፍ፣ ሰደፉን በየጊዜው በተልባ ዘይት በመዳፋቸው እያሹት የቡና ቀለም ይዟል። ማታ ከክበቡ ሲመለሱ አፈሙዙን በዘንግና በጨርቅ ይወለውላሉ፣ ብረቱን በስሱ ዘይት ያስነኩታል፣ ከዚያ ባሩድ የሌላቸው የውሸት ጥይቶች ያጎርሱና ምላጮቹን አንድ በአንድ ይስቧቸዋል፣ ፊተኛውን ጠቅ፣ ቆየት ብለው ኋለኛውን ጠቅ። "ሞላው ተወጥሮ አይደር" ይላሉ፣ እንደ ሰው ተፈታትቶ ይተኛ ማለታቸው ነው። ይህን ያነሳሁት ለወጉ አይደለም፣ ሞላው የተለቀቀ ጠመንጃ መልሳችሁ ስትከፍቱት እንደገና ስለሚወጠር እጃችሁ ላይ ይከብዳል፣ ተወጥሮ የቆየ ከሆነ ግን ቀለል ብሎ ይታጠፋል፣ ልዩነቱን ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ ያውቀዋል።

ሌላው ደግሞ ሰደፉ ለግራኝ የተቆለመመ መሆኑ ነው። እኔ ቀኝ ስለሆንኩ አንዳንዴ አስተኩሰውኝ በተኮስኩ ቁጥር ቀኝ ጉንጬን ያጮለኝ ነበር። ጋሼ መኩሪያ ግራኝ መሆናቸውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ መኖሩን እንጃ፣ ምክንያቱም ሕፃን ሆነው በግራቸው ሲጎርሱ እናታቸው ግራ እጃቸውን ከወገባቸው ጋር በመቀነት ያስሩት ነበር፣ የቄስ ትምህርት ቤት ደግሞ የተረፈውን በአለንጋ ጨረሰው፣ ስለዚህ ሲበሉም ሲጽፉም ሲጨብጡም በቀኝ ነው። አንድ ጊዜ ጠመንጃውን ግራ ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ እንዲህ አሉኝ፤

"የምበላበት እጅ ሰው የሰጠኝ እጅ ነው። የራሴን እጅ የማገኘው እዚህ ብቻ ነው።"

ነሐሴ ላይ ልባቸው ቆመ። ሆስፒታል ደረስኩ፣ አስከሬኑን አየሁ፣ ቀብር ቆምኩ፣ ኖርዝ ዮርክ ያለው ዘመዳቸው ቤት ለቅሶ ላይ ሦስቱንም ቀን ተቀመጥኩ፣ አንዲት እንባ ግን አልወጣችኝም። ማዘኔን አውቀዋለሁ፣ ግን አይሰማኝም፣ ተቀምጣችሁበት እንደደነዘዘ እግር፣ አለ፣ የእናንተ ግን አይመስልም። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ልጃችንን አቅፋለሁ፣ ሂሩት ታወራኛለች፣ እመልሳለሁ፣ ምን እንደመለስኩ ግን ቆይቼ አላውቀውም።

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ጠመንጃውን ማየት አልቻሉም። እዚሁ የተወለደው ልጃቸው ካሌብ ነገሩን በአጭሩ ነው የቆረጠው፣ "ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ፣ ይወስዱታል፣ ዴስትሮይ ያደርጉታል፣ ኢትስ ፋይን" አለ። እትዬ አልማዝ ግን እጄን ይዘው፣ እስከ አርባው አንተ ጋ ይቀመጥ፣ ያን ጊዜ አልይዘውም ካልክ ልጁ እንዳለው ይሁን አሉኝ። እንግዲህ ያ ጠመንጃ ወይ የእኔ ይሆናል ወይ ተቀጥቅጦ ብረት ይሆናል፣ መወሰን ያለብኝ እኔ ነኝ። ወረቀቱን ካሌብ ጨረሰልኝ፣ ወስጄ ምድር ቤት ያለው የብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት።

ሂሩት የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ጠመንጃውን አይደለም የምፈራው፣ እሱ ብረት ነው" አለችኝ። "ከነሐሴ ጀምሮ አጠገቤ የሚተኛውን ሰው ነው የምፈራው። ቁልፉን ስጠኝ።"

ሰጠኋት። አልተከፋሁም፣ መከፋትም ይሰማኝ አልነበረም፣ ደግሞም ልክ ናት። የት እንደደበቀችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ድምፅ የሰማሁት ከእራት በፊት ነው። ሂሩት ላይ ቤት ልጅቷን እያጠበች ነበር፣ አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ አለፈ፣ እሱ ሲርቅ ከምድር ቤት ጠቅ አለ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ጠቅ። ማሞቂያው ነው ብዬ ወረድኩ፣ ማሞቂያው አልተነሳም፣ የውሃ ቧንቧውን በእጄ ያዝኩት፣ ዝም ብሏል። የዚያኑ ጊዜ ትዝ ያለኝ፣ ጠመንጃውን ያመጣሁ ቀን ከፍቼ አይቼው ዘግቼ ስቆልፍበት ሞላውን ሳልለቅ መቅረቴ ነው፣ እሳቸው ቢኖሩ በቁጣ ያነሱኝ ነበር። ግን ያን ለማሰብ እንኳ ልቤ አልተነሳሳም፣ ወጥቼ እራት በላሁ።

በማግስቱም በዚያው ሰዓት ሆነ፣ በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ ሂሩትን ቁልፉን ይዛ አብራኝ እንድትወርድ ጠየቅኳት፣ ዘይት ላስነካው ብዬ። ሣጥኑ እንደቆለፍኩት ነው፣ አቧራው እንኳ አልተነካም። ጠመንጃውን አንስቼ ላጥፈው ስል ከበደኝ። ሞላው ተለቅቋል። እኔ ነኝ የረሳሁት፣ ለቅቄው ነበር ማለት ነው አልኩ፣ ይሄ እንግዲህ የብሎን ሰው ሰበብ ነው። ስለዚህ እያየሁ፣ ሆን ብዬ፣ ወጥሬ ዘጋሁት፣ ቆለፍኩ፣ ሂሩት ቁልፉን ከእጄ ላይ ተቀበለችኝ።

የዚያን ቀን እራት ላይ ሂሩትም ሰማችው። ጎርሳ ነበር፣ ማኘኳን አቆመች።

"አንተ ነህ?" አለችኝ።

ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ልጅቷን በማንኪያ እያጎረስኩ ነበር። በማግስቱ ከፈትነው፣ ከበደኝ። ያኔ እንኳ፣ እመኑኝ፣ አልፈራሁም፣ መፍራት እንዳለብኝ ግን አውቅ ነበር።

ከአርባው በፊት ባለው ቅዳሜ ወሰንኩ፤ አንድ ጊዜ ክበቡ ወስጄ ልተኩስለት፣ በአገራችን ለደህና ሰው ሐዘን ጥይት ይተኮስ የለ፣ ከዚያ ካሌብ ይውሰደው። ሂሩት ብቻህን አትሄድም አለች። ልጅቷን እትዬ አልማዝ ጋ ትተን ከሰዓት በኋላ ደረስን፣ ጉም ነበር፣ በቆሎው ታጭዶ ሜዳው ባዶ ሆኗል፣ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ክበቡን የሚጠብቁት ነጭ ሽማግሌ ሸክላ የሚያስወነጭፈውን ቁልፍ እንዴት እንደምትጫን ለሂሩት አሳዩዋትና ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። እሷም ከኋላዬ ራቅ ብላ ቆመች፣ በአንድ እጇ ማስወንጨፊያውን፣ በሌላው ስልኳን ይዛ፣ ለእትዬ አልማዝ ላሳያቸው ብላ መቅረጽ ጀመረች።

አሁን ከዚያ በኋላ የማስታውሰውን ልንገራችሁ። ሁለት ጥይት ማጉረሴን አስታውሳለሁ፣ የቀለሆቹ ናስ ቀዝቅዞ ነበር። አፈሙዙን ወደ መሬት አዘቅዝቄ ሰደፉን ወደ ላይ እየሳብኩ መዝጋቴን አስታውሳለሁ፣ ጋሼ መኩሪያ እንዳስተማሩኝ። ቀጥሎ የማስታውሰው ጠመንጃው በሽፋኑ ሆኖ የመኪናውን የኋላ ኮፈን ስዘጋ ነው። በመሀል የባሩድ ሽታ አለ፣ ሌላ ነገር የለም። ይህ ደግሞ አላስደነገጠኝም፣ ከነሐሴ ወዲህ ቀኖቼ ሁሉ እንደዚያ ናቸው፣ እያሽከረከርኩ ሳለሁ ግን ቀኝ ጉንጬን ዳበስኩት፣ ምንም አላመመኝም።

ቤታችን በር ላይ ስቆም ሂሩት ስልኳን ሰጠችኝ። ቪዲዮው ላይ የእኔ ጃኬት የለበሰ፣ የእኔ ቁመት ያለው፣ እኔ የሆንኩ ሰው ቆሟል። ጠመንጃውን ግራ ትከሻው ላይ አድርጎታል። ሸክላው ሲወጣ ሳይቸኩል ይከተለዋል፣ ይደቃል፣ ሁለተኛው ይወጣል፣ ይደቃል፣ ያጎርሳል፣ እንደገና፣ እንደገና፣ አንድም አልሳተም። እኔ በቀኜም እንደዚያ ተኩሼ አላውቅም፣ በግራ ደግሞ ጭራሽ፣ ቀኝ ዓይኔን ብቻዋን መጨፈን እንኳ አልችልም።

"ግራኝ ነህ እንዴ?" አለችኝ ሂሩት።

የጋሼ መኩሪያን ነገር ነገርኳት። አላመነችኝም፣ እሳቸው እኮ ቤታችን ስንት ዓመት በቀኛቸው ሲበሉ አይቻለሁ አለች። ስለ መቀነቱ ስነግራት ፊቷን ወደ መኪናው መስኮት አዞረች። በቃ፣ ሰኞ ለካሌብ እሰጠዋለሁ አልኳት፣ እፎይ ትላለች ብዬ ነበር።

"ቆይ" አለችኝ። "መጨረሻውን አላየኸውም።"

መጨረሻው ላይ ሰውዬው ጠመንጃውን ያጥፈዋል፣ ቀለሆቹ ይዘላሉ፣ ጭሱ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ሂሩት ዞሮ ይስቃል። ከሆዱ ነው የሚስቀው፣ ትከሻው እስኪነቀነቅ። ከስልኩ ጀርባ ደግሞ የሂሩት ሳቅ ይሰማል፣ እሷም ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

"ይሄን ሰው ነሐሴ ላይ ነው ያጣሁት" አለችኝ፣ ስክሪኑን በአውራ ጣቷ እየነካች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። "አትስጠው። ጠመንጃውን ለማንም አትስጠው።"

እኔ ሳቁን ደግሜ አየሁት። ፊቱ የእኔ ነው። ሳቁን ግን አወቅሁት፣ ስንት ቅዳሜ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቼዋለሁ፣ የማን እንደሆነ ለሂሩት ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ደስታዋን ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

አርባው ወጣ፣ ጠመንጃው በስሜ ሆነ። አሁን ቅዳሜ ሲመጣ ቁልፉን ከደበቀችበት አውጥታ የምታመጣልኝ ራሷ ሂሩት ናት፣ አብራኝ ትሄዳለች፣ ሸክላውን የምታስወነጭፈውም እሷ ናት። ከክበቡ ስንመለስ ቤታችን ይሞቃል ትላለች፣ እንደ ድሮው ታወራኛለህ፣ ልጅቷን ታጫውታታለህ፣ እስክንተኛ ታስቀኛለህ ትላለች። ደስ ብሏታል፣ እኔም ደስ እንዲላት ነው የምፈልገው፣ እመኑኝ። እኔ የማስታውሰው ግን ጥይቱን ማጉረሴን ብቻ ነው፣ ከዚያ ዓይኔን ስገልጥ እሁድ ጠዋት ነው፣ ሂሩትም አጠገቤ ፈገግ ብላ ተኝታለች።