የእንቅልፍ ቀኖና

ውዱ ከዋጋዬ ጋር የተዋወቀው ጎህ ሲቀድ እራት ጠይቋት ነው።

ዘመኑ አምሳዎቹ ውስጥ ነው። ዳንግላ ላይ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ የእትዬ ሽታዬ ምግብ ቤት ነበረች። መንገደኛ ማልዶ ስለሚነሳ በሩን ቀድማ የምትከፍተው የእትዬ ሽታዬ የወንድም ልጅ ዋጋዬ ናት። የዚያን ዕለት መወርወሪያውን አንስታ ስትወጣ ጋቢ የተከናነበ፣ መቋሚያ የያዘ ረዘም ያለ ወጣት ደጁ ላይ ቆሞ አገኘች። ዓይኖቹ ደም መስለዋል።

«እንደምን አደርሽ እህቴ። እራት ይኖራል?» አላት።

ዋጋዬ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። በምሥራቅ በኩል ወገግ ብሏል።

«የትናንቱን ነው የዛሬውን?»

ወጣቱም እንደ እሷ ሰማዩን አየና የተናገረው ገባው። መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ ሳቀ። ወንበር ስባ አስቀመጠችውና የተረፈውን ሽሮ አሙቃ አቀረበችለት። እየበላ ነገሩን አስረዳት። ጥርባ አካባቢ ከሚገኘው መንደሩ የወጣው ገና ልጅ ሳለ ነው። ከዚያ ወዲህ ከደብር ደብር እየዞረ ዜማ ሲማር ኖሯል። የዜማ ትምህርት በቃል ነው፤ የሚሰጠውም አገር ሲተኛ፣ በጨለማ ነው። መምህሩ ይጠራሉ፣ ተማሪው ተነስቶ ይቆማል፣ ሲነጋ ይተኛል። ሌላው ሰው ቀን የሚለውን ውዱ የሚያውቀው በሕልሙ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ግን በከተማው ትምህርት ቤት አማርኛና ግብረ ገብ እንዲያስተምር ተቀጥሯል። ከምግብ ቤቷ ጀርባ ክፍል ተከራይቷል፤ ሥራ የሚጀምረውም ሰኞ ነው።

«ስምዎ ማን ይባላል የኔታ?»

«ውዱ።»

«ለማን?»

ውዱ ጉርሻውን ይዞ ቀረ። ዋጋዬም ምላሷ ቀድሟት እንደሄደ ሲገባት ስሟን እንኳ ሳትነግረው ወደ ጓዳ ገባች። ስሟን የነገረችው እትዬ ሽታዬ ነበረች፤ ከጓዳው በር ላይ ሆና እየሳቀች።

«እሷ ደግሞ ዋጋዬ ናት። አንዱ ውድ፣ አንዷ ዋጋ፤ ሱቅ ልትከፍቱ ነው እንዴ?»

ሰኞ መጣ። ውዱ የመጀመሪያዋን ሰዓት ተወጣት። በሁለተኛዋ፣ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ «ሀ» ብሎ እንደ ጻፈ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ቀረ። ልጆቹ የኔታ የሚጸልዩ መስሏቸው ዝም አሉ። ዝምታው ሲረዝም ርዕሰ መምህሩ አቶ ክንዴ ምን ሆነው ነው ብሎ በመስኮት ብቅ ቢል፣ አዲሱ መምህር ግንባሩን ሰሌዳው ላይ አስደግፎ ቆሞ ተኝቷል።

በዚያው ሳምንት ስሙ በከተማው ወጣ። እንቅልፋሙ የኔታ። ልጆቹ በፍቅር ነበር የሚሉት፤ ትልልቆቹ ግን እንደዚያ አልነበሩም። አቶ ክንዴ ጨዋ ሰው ስለሆነ ቢሮው አስገብቶ በር ዘግቶ ነው የነገረው። እውቀቱን እንደሚያከብር፣ ነገር ግን የነቃ መምህር እንደሚፈልግ፣ እስከ ገና ድረስ ካልተስተካከለ ሌላ እንደሚፈልግ ነገረው። ውዱ አልተቀየመም። በአቶ ክንዴ ቦታ ቢሆን እሱም ያንኑ እንደሚል ያውቃል።

ምክር በያለበት ሞላ። አንዱ ራስህን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብ አለው፤ ሌላው በአፍንጫው እንዲስብ ሱረት አቀበለው። እትዬ ሽታዬ ደግሞ በጊዜ ብላና በጊዜ ተኛ አለችው። ይኼኛው ልክ መስሎት ሞከረ። ፀሐይ ስትጠልቅ ይበላል፣ ይጋደማል፣ ይተኛልም። ግን የመጀመሪያው ዶሮ ሲጮህ ሰው እንደ ነካው ብድግ ይላል። መቋሚያውን ይዞ ይቆማል፤ ዜማውን ይጀምራል። ሲነጋ እንቅልፉ ይመጣል።

ዋጋዬ እሳት ለማንደድ ስትነሳ በግድግዳው በኩል ድምፁን ትሰማለች። መጀመሪያ ሥራዋን እየሠራች ነበር የምትሰማው፤ ኋላ ኋላ ግን ማገዶውን እንደታቀፈች ቆማ መስማት ጀመረች። ሲወጣ «ቁርስ ልስጥዎ ወይስ እራት?» ትለዋለች። እሱም «ቀኑ ጾም ካልሆነ ያገኘሽውን» ይላታል። ሌላ ብዙ አይነጋገሩም። እሱ ሲበላ እሷ ከባንኮኒው ጀርባ የታጠበ ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች።

ጥቅምት ሲጋመስ የዋጋዬ አባት አቶ ደርበው ከአገራቸው ከግምጃ ቤት መጡ። ገበሬ ናቸው፤ በፈረስ ዕውቀታቸው የታወቁ፣ ሌሊት ተነስተው ሥራ በመጀመራቸውም የሚኮሩ። ስለ ልጃቸውና ስለ መምህሩ አንድ ሰው ጆሯቸው ላይ ጣል አድርጓል። ምግብ ቤቱ ገብተው ሲቀመጡ ውዱ ጥግ ላይ ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ውዱ አንድ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል እጁ መንገድ ላይ ቆመ፤ አገጩም ደረቱ ላይ ወደቀ።

አቶ ደርበው ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

«ይኼ ነው እንዴ አስተማሪው? ጉርሻ ይዞ የሚተኛ ሰው ትዳር እንዴት ይዞ ያድራል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ውዱ ነቅቶ ሰው ሁሉ ሲያየው አየ። ከሁሉም የከበደው ያልሳቀችው የአንዷ ዓይን ነበር።

አቶ ደርበው ለእህታቸው የነገሯት አጭር ነው። ታኅሣሥ ላይ አዝመራቸውን ሰብስበው ይመጣሉ፤ ልጃቸውን ይወስዳሉ። አዘና ከሚባል አገር፣ ከደህና ቤት ለትዳር ተጠይቃለች።

በማግሥቱ ጠዋት ዋጋዬ ቁርስ ወይስ እራት ብላ አልጠየቀችውም። ሻዩን አስቀመጠችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ለምንድን ነው የምትነሳው?» አለችው።

ውዱ ቀና አለ። «አንተ» ብላው አታውቅም ነበር። የሰማው ከጥያቄው ይልቅ ያንን ነው።

«ዶሮ ይጮሃል» አላት።

«ዶሮማ ለሁላችንም ይጮሃል። እኔ እሰማዋለሁ፣ እገላበጣለሁ፣ እተኛለሁ። አንተን ማነው ተነስ የሚልህ?»

ውዱ ሻዩን አማሰለ። እሷም ጠበቀችው። አንድ ሾፌር ሻይ ቢላትም አልዞረችም።

«ብተኛ እግዜር የሚጠራኝ ይመስለኛል» አላት በመጨረሻ። «ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ሰዓት ፊቱ ቆሜያለሁ። አሁን እንጀራ አገኘሁ ብዬ ብተኛ፣ ውዱ የት ሄደ ቢልስ?»

ዋጋዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዓይን ዓይኑን አየችው። ከዚህ በፊት ሁለቱም እንዲህ ተያይተው አያውቁም።

«እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ እንቅልፋም መስለኸኝ ነበር» አለችው። «አንተ ፈሪ ነህ እንጂ እንቅልፋም አይደለህም። ይኼንን እኔ አልፈታልህም፤ የሚፈታው የንስሐ አባትህ ነው። ሂድና ንገራቸው። ውዱ፣ እኔ አዘና መሄድ አልፈልግም።»

የመጨረሻዋን የተናገረችው ብርጭቆውን እያነሳች ነው። እሱም ጋቢውን አንስቶ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

የንስሐ አባቱን መምሬ ገብረ ማርያምን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው። ለዋጋዬ የነገራትን ደገመላቸው። ሽማግሌው ካህን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና፣ ልክ ያላገባ መሆኑን የማያውቁ ይመስል፣

«ስንት ልጆች አሉህ?» አሉት።

«የማስተምራቸው? ክፍሉ ሙሉ ናቸው አባቴ።»

«ሲጠሩህ ተኝተህ አላገኙህም?»

ውዱ አንገቱን ደፋ። ስንት ጊዜ «የኔታ» ብለውት እንዳልሰማ አሰበ። እግዜር ቢጠራኝስ ብሎ ሲፈራ፣ የሚጠሩት ልጆች ፊቱ ተቀምጠው ነበር።

«ቀኖና ሰጥቼሃለሁ» አሉት መምሬ ገብረ ማርያም። «ከሰንበትና ከበዓል በቀር ከእራት በኋላ ትተኛለህ። ዶሮ ቢጮህ አትነሳም። እንቅልፍ እንቢ ቢልህ ጋደም እንዳልክ ታነጋለህ። መቋሚያህን አምጥተህ እኔ ዘንድ ታስቀምጣለህ።»

«አባቴ፣ ቀኖና መስገድ አይደል? መጾም አይደል?»

«ቀኖና ማለት የሚከብድህ ነው። አንተን የሚከብድህ መተኛት ነው። ሌሊቱን ለእኛ ተወው ልጄ፤ እኛ አለን።»

እንደ ተባለውም ከበደው። ዶሮው ይጮሃል፤ ውዱ በጨለማ ዓይኑን ያፈጣል፤ እግሩ መሬት ሊወርድ ሲል ቀኖናው ትዝ ይለዋል፣ ይመልሰዋል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ደግሞ እንቅልፍ እንደ ጎርፍ ይመጣል። ያኔ ካሸለበ ሌሊቱ ተመልሶ ሊበላሽ ነው። ለዚህ መላውን ያገኘችው ዋጋዬ ናት። ከምግብ ቤቷ ጓሮ የተከመረውን የባሕር ዛፍ ግንድ አሳየችውና መጥረቢያ ሰጠችው። የኔታ እንጨት ሲፈልጥ ያየ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ሳቀ። እትዬ ሽታዬ በርበሬ እየቀነጠሰች አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ ሰው ሐሜት እንዳያገኝ። እሷ ባለችበት ዋጋዬ «እርስዎ» ትለዋለች።

«የኔታ፣ ግንዱ ላይ ሊተኙ ነው እንዴ?»

«መጥረቢያሽ ነው የተኛው። ማን ነው የሳለልሽ?»

«እኔ ነኝ የሳልኩት። ክንድዎን ይሳሉ።»

እትዬ ሽታዬ በርበሬው አስነጠሰኝ ብላ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንቅልፍ ቶሎ የሚገራ ነገር አይደለም። አንድ ቀን ተሻለኝ ሲል በማግሥቱ ይብስበታል። አንድ ጊዜ እንዲያውም ተስፋ ቆርጦ መቋሚያውን ሊያመጣ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመልሷል። ቢሆንም ቀስ በቀስ የሌሊቱ ፍጥጫ አጠረ። የነቢያት ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት፣ ውዱ ዓይኑን ሲገልጥ ብርሃን በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ዶሮው ጮሆ አልፏል። ማንም አልጠራውም፤ ማንም አልተቆጣውም። ደረቱ ውስጥ ለብዙ ዓመት ታስሮ የነበረ ነገር ሲፈታ ተሰማው። እየሮጠ ነው ምግብ ቤቱ የገባው።

«ቁርስ ስጪኝ» አላት።

ዋጋዬ ፊቱን አየች። ዓይኖቹ ነጭ ነበሩ። ፍርፍሩን አቀረበችለትና፣ እስኪበላ ድረስ ጀርባዋን ሰጥታው ቆየች፤ ስትዞር ሽፋሽፍቷ ርሷል።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። ውዱ በዜማ የተካነ ሰው ነውና ንባቡን በዜማ ያስጀምራቸዋል፤ ፊደል ያቃታቸው ልጆች ከዜማው ጋር ይዘውት ይሄዳሉ። አቶ ክንዴ በመስኮቱ ሲያልፍ እርምጃውን መቀነስ አበዛ። ግን አንድ ሰው ገና አላየውም፤ ታኅሣሥ ደግሞ ደርሷል።

አቶ ደርበው ከምሳ በኋላ ነበር የክፍሉ በር ላይ የቆሙት፤ ከአቶ ክንዴ ጋር። የመንገዱ አቧራ ከላያቸው አልረገፈም። ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተዋል።

«ልጄ ምን እንዳለችኝ ልንገርህ» አሉት ውዱን ገና ቆመው። «ገብተው ይቀመጡ፤ ሲያስተምር አንዴ እንኳ ካንቀላፋ ያለ ቃል ፈረሱ ላይ እወጣለሁ ብላኛለች። እንግዲህ እኔ እቀመጣለሁ፤ አንተ አስተምር።»

ውዱ ነገሩ ገባው። ዋጋዬ ራሷን አስይዛበታለች። ለእንግዳው የኋላውን አግዳሚ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን፣ አሳያቸውና ንባቡን አስጀመረ። ሰዓቱ ክፉ ሰዓት ነው። ፀሐይ ትሞቃለች፣ ሆድ ሞልቷል፣ የልጆቹ ድምፅ እንደ ንብ ያጉረመርማል። ከወር በፊት ቢሆን ይኼን ጊዜ ሰሌዳው ላይ ተደግፏል። አሁን ግን ዓይኑ ከመጨረሻው አግዳሚ አልተነቀለም።

ገጹን ሲያስገልጣቸው አቶ ደርበው አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተስማሙ መሰለው። ሁለተኛ ነቀነቁ። ከዚያ አናታቸው ግድግዳውን አገኘ፤ አፋቸው ተከፈተ።

ከፊት የተቀመጠችው በቀለች የምትባል ልጅ ዞራ አየችና አፏን በእጇ ያዘች። ሳቁ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሊዛመት ሲል ውዱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ገበያ ሙሉ ሰው ፊት የሳቁበት ሰው እንዲህ እጁ ላይ ወድቀዋል። አቶ ክንዴን ጠርቶ ማሳየትም ይችል ነበር። እሱ ግን በእግሩ ጣት እየተራመደ ሄዶ፣ ፀሐዩ ፊታቸውን እንዳይመታቸው የመስኮቱን ጣውላ በቀስታ መለስ አደረገው። ከዚያ ለልጆቹ ቀጥሉ የሚል ምልክት ሰጣቸው። ክፍሉ በሙሉ በሹክሹክታ ማንበብ ጀመረ።

አቶ ደርበውን የቀሰቀሳቸው ያ ሹክሹክታ ነው። ነቅተው ዙሪያቸውን አዩ። ልጆቹ ዓይናቸውን ከመጽሐፍ ሳያነሱ እንደ ነፋስ ያነባሉ፤ መምህሩ በመካከላቸው ቆሟል። የመስኮቱን ጣውላ አዩ።

«ለምን አልቀሰቀስከኝም?» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ከግምጃ ቤት እዚህ ለመድረስ ሌሊቱን ሲጋልቡ አድረዋል። ያንን ድካም እኔ አውቀዋለሁ አባቴ።»

አቶ ደርበው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ለልጆቹ እንደ ትልቅ ሰው እጅ ነስተው ወጡ።

ደወሉ ገና ስላልተደወለ ውዱ ሊከተላቸው አልቻለም። ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ ብሎ ንባቡን ቀጠለ፤ በተከፈተው በር ግን መንገዱንና ማዶ ያለችውን ምግብ ቤት ያያል። አዛውንቱ ፈረሳቸውን እየሳቡ ተሻግረው ምግብ ቤቷ ደጅ ቆሙ። ዋጋዬ ጀበናም ብርጭቆም ሳትይዝ፣ ባዶ እጇን ወጣች። አባትዋ ተናገሩ። እሷ ቆማ ሰማች። ከዚያ ፈረሱን አንዴ ዳበሰችው፤ ውዱ ልትወጣበት መሰለው። እሷ ግን ልጓሙን ከአባቷ እጅ ወሰደችና ፈረሱን ወደ ጓሮው አስገብታ አሰረችው።

ተመልሳ ስትወጣ መንገዱን ማቋረጥ ጀመረች። መጀመሪያ በእርጋታ፣ ከዚያ በፍጥነት። የክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። ልጆቹ ሁሉ ማንበባቸውን አቆሙ።

«አባቴ ሽማግሌ ይላክ ብለዋል» አለች፣ ውዱን ብቻ እያየች። «በጥር። ማልደው ይምጡ፣ ነቅቼ እጠብቃለሁ በይው አሉኝ።»

ውዱ እጇን ይዞ ወደ ክፍሉ አስገባት። ቀድማ የተናገረችው ከፊት አግዳሚ ላይ ያለችው በቀለች ናት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች፤ ሴቶቹ ልጆች ተከተሏት፤ ወንዶቹ አግዳሚውን ደበደቡ። አቶ ክንዴ ከቢሮው እየሮጠ ወጥቶ በሩ ላይ ሲደርስ፣ ሁለቱ ክፍሉ መካከል እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል፤ የከተማው ልጆችም በዙሪያቸው በእልልታ ቤቱን አነቃንቀውታል።