ከሪዞርቱ ያመጣናት እናት

ይሄን ታሪክ "ፈጠራ ነው" የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ እለፉት። አልቀየማችሁም። እኔም ከሰው ብሰማው አላምንም ነበር። ግን ደርሶብኛል። ወንድሜም ምስክሬ ነው... ሊያወራው ባይፈልግም።

ደግሞ ሌሊት አይደለም። ሌሊት ቢሆንማ እንቅልፍ ነው፣ ሕልም ነው ብዬ ራሴን ባታለልኩ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቦታው ደግሞ ሰው ሊዝናና የሚሄድበት ትልቅ ሪዞርት።

እናቴ መርሳት ከጀመረች ቆየች። መጀመሪያ ቁልፍ ረሳች፤ ከዚያ እሳት ላይ የጣደችውን፤ በመጨረሻ እኛን።

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" ትለኛለች፣ ፀጉሯን እያበጠርኩላት።

"ያንቺ" ስላት ትስቃለች። የቀለድኩ ይመስላታል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን መጥፋቷ ነው። በር ክፍት ካገኘች ውልቅ ነው። ስለዚህ ለቤታችን አንድ ደንብ አወጣን። ከዓይናችን ስትሰወር "እማ!" እንላለን። እሷ "አለሁ!" ትላለች። ሁሉን ረስታ ይቺን ብቻ አልረሳችም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ "እማ!"... "አለሁ!" እየተባባልን እንውላለን። ያቺን ቃል ካልሰማሁ እጄ ሥራ አይይዝልኝም።

ሐኪሟ "እስቲ አየር ለውጡላት" ያለን ቀን ጭቅጭቁ ተጀመረ።

እኔ መሀል ከተማ አልኩ። አደባባዩ ላይ ያለችው ትንሽ ሆቴል፤ ከሥሯ ፋርማሲ፣ ማዶ ክሊኒክ፣ ደጇ ላይ ሰው የሚተራመስባት።

ወንድሜ አቡሽ ሳቀብኝ። (ሠላሳ አልፎት፣ መላጣ እያወጣ፣ ዛሬም አቡሽ ነው።)

"እታለም፣ እዚያ ግርግር ውስጥ ዓይንሽን አንዴ ካነሳሽ አለቀ። ሪዞርቱ አጥር አለው። በሩ አንድ ነው። ጥበቃ አለው። የት ትሄዳለች?"

እናቴን ጠየቅናት።

"ሰው ያለበት ይሻላል" አለች።

"ሪዞርትም እኮ ሰው አለ፣ እማ!"

በመጨረሻ እሺ አልኩ። እንዳትጠፋብኝ ብዬ ነው እሺ ያልኩት... የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ይሄኔ ነው።

ሪዞርቱ ያምራል፤ አልዋሽም። ሣሩ የተላጨ፣ መንገዱ የተጠረገ። ግን ዝም ብሏል። መዋኛው ዙሪያ ያሉት ወንበሮች ሁሉ ላይ እርጥብ ፎጣ ተሰጥቷል... ውሃው ውስጥ ግን አንድም ሰው የለም።

ሻንጣ የሚያመላልሰው ሰውዬ በትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ክፍላችን ሊያደርሰን ነበር። ተሳፈርን። አይንቀሳቀስም።

"ምን እየጠበቅን ነው?" አልኩት።

ከኋላችን አየት አደረገ። "ሌላዋ እናት አይሳፈሩም?"

"ሦስት ብቻ ነን።"

"አሃ..." አለ። "ገና ናቸው ማለት ነው።"

ነዳው።

አቡሽ በክርኑ ጎሸመኝ። "ፀሐዩ መትቶታል፤ እማን ሁለት አድርጎ አያት።"

እኔ ሳቄ አልመጣም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማ አልጋው ላይ ጋደም አለች። አቡሽ ምሳ ሊያዝዝ ወረደ። እኔ በረንዳው ላይ ልብሷን እያሰጣሁ ነው።

"እማ!"

"አለሁ!"

አንድ ቀሚስ ሰቀልኩ።

"እማ!"

"አለሁ!"

ይቺኛዋ ፈጠነችብኝ። ቃሉን ከአፌ ሳልጨርስ ነው የመለሰችው። ደስ አለኝ፤ ነቃ ብላለች አልኩ። ሌላ ልብስ አነሳሁ... አፌን ገና ስከፍት፣ ሳልጠራት...

"አለሁ!"

ልብሱ ከእጄ ወደቀ።

ዘልዬ ገባሁ። አልጋው ባዶ ነው። የተኛችበት ቦታ ገና ይሞቃል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ኮሪደሩ ረጅም ነው። ግራና ቀኝ የተዘጋ በር።

"እማ!"

"አለሁ!" ከጫፉ ነው። ሮጥኩ። ማንም የለም።

"እማ!"

"አለሁ!" አሁን ከኋላዬ፣ ከተቆለፈ ክፍል ውስጥ። በሩን ደበደብኩት፤ የሚከፍት የለም።

ከዚያ ሳልጠራት ከውጭ ሰማሁት። ከመዋኛው በኩል። "አለሁ... አለሁ... አለሁ..."

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም።

እናቴ ገንዳው ዳር ቆማለች። ብቻዋን። ቀሚሷ ደረቅ ነው፤ ፀጉሯ ግን ውሃ ያንጠባጥባል። ዞር ብላ አየችኝና... በስሜ ጠራችኝ።

በስሜ! ከስንት ጊዜ በኋላ!

"ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው የደነገጥሽው?" አለችኝ።

እዚያው አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። የሸሸሁትን ፍርሃት ሁሉ ረሳሁት። እናቴ አወቀችኝ በቃ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

አቡሽም ሲመጣ "አቡሽዬ፣ ከሳህ" ስትለው የያዘውን ብርጭቆ ለቀቀው። እንደ ሕፃን ነው የዘለለው።

ያም ሆኖ ቦታው አላምር አለኝ። በዚያው ቀን ሻንጣችንን ጠቅልለን፣ እማን መሀላችን አስቀምጠን፣ መሀል ከተማ የፈለግኳት ሆቴል ገባን። የመኪናው ጩኸት፣ የጋዜጣ ሻጩ ጥሪ፣ የሰው ትርምስ... ነፍሴ መለስ አለች።

ጠዋት ላይ ነው ነገሩ ሊከነክነኝ የጀመረው።

"እማ!" አልኩ፣ ከመታጠቢያ ቤት ሆኜ።

መልስ የለም። ፊቴን ታጥቤ ቀና ብል... ከኋላዬ ቆማለች።

"ምን ፈለግሽ?" አለችኝ።

"ለምን አለሁ አትይም?"

ፈገግ አለች።

ፀጉሯ ገና እርጥብ ነው። አዳሩን ሙሉ ትራሱን አርሶታል።

ከዚያ ቀሚሷን አየሁ። እኔ ነኝ የሰፋሁላት፤ ጨርቁን፣ ክሩን፣ የአንገቱን ቅምቅማት አውቀዋለሁ። ሁሉም ልክ ነው። ቁልፎቹ ግን... ቁልፎቹ የተተከሉት በሌላው ወገን ነው። መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ልብስ። የገዛ እጄ እንዲህ አይሰፋም።

"አባትሽ መቃብር ላይ ብቻሽን ሆነሽ ያልሽውን እኮ ሰምቼሻለሁ" አለችኝ፣ ፀጉሬን እያሻሸች። "ደግ አደረግሽ።"

ያንን ማንም አልሰማም። እናቴ ያን ቀን ቤት ነበረች።

ስልኬ ጠራ።

የሪዞርቱ እንግዳ ተቀባይ ናት። ድምጿ ፈራ ተባ ይላል።

"እህቴ፣ ይቅርታ... እናታችሁን ረስታችሁ ሄዳችኋል።"

"ምን?"

"መዋኛው ዳር ቁጭ ብለው አገኘናቸው። ስማቸውን ብንጠይቅ አይናገሩም። ምን ብለን ብንጠራቸው 'አለሁ' ብቻ ነው የሚሉት።"

አቡሽን ኮሪደር አውጥቼ በሹክሹክታ ነገርኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። ግን አልተገረመም።

"አትሂጂ" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"አትሂጂ፣ እታለም። ያቺ አታውቀንም።" እንባው ዱብ ዱብ አለ። "ይቺ ታውቀናለች።"

በጥፊ ልመታው እጄን አንስቼ ተውኩት። ምክንያቱም... እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ለአፍታ አስቤዋለሁ።

ሄድኩ።

እናቴ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ባዶ እግሯን ናት። ፊቷን ፀሐይ አቃጥሎታል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ቀሚሷን አየሁ፤ ቁልፉ በቦታው ነው።

"እማ!"

"አለሁ!"

እግሯ ሥር ወደቅኩ። እሷ ግን ግራ ገብቷት አየችኝ።

"አንቺ የማን ልጅ ነሽ?"

"ያንቺ፣ እማ።"

ሳቀች።

በታክሲ አቅፌያት ወደ ከተማ መለስኳት። አቡሽ በዓይኑ ሲያያት ይለይለታል፣ ያቺን ምን እንደምናደርጋት ያኔ እናስባለን አልኩ። ሆቴሉ ስንገባ እጇን አጥብቄ ይዤዋለሁ። አሳንሰሩ ጋ ደረስን። መጥሪያውን ከመንካቴ በሩ ተከፈተ።

ያቺኛዋ ውስጥ ቆማለች። ብቻዋን።

ወለሉ ላይ ውሃ ተጠራቅሟል።

እናቴ ቀና ብላ አየቻት። እኔን ያላወቀች፣ አቡሽን ያላወቀች እናቴ... ፊቷ በራ። እጇን ከእጄ መነጨቀችው። እጆቿን ዘርግታ ጠራቻት።

በኔ ስም።

"ልጄ!" አለቻት። "የት ነበርሽ? ስፈልግሽ እኮ ነው የከረምኩት!"

"እማ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ እኮ!" ብዬ ጮህኩ። ዞር ብላም አላየችኝ። ገባች። ያቺኛዋ በትከሻዋ ላይ አሻግራ እያየችኝ አቀፈቻት።

በሩ ተዘጋ።

ደረጃውን እንደ እብድ ወጣሁት። ላይኛው ፎቅ አሳንሰሩ ፊት አቡሽ ቆሟል። "ልቀበላቸው ብላ ወረደች" አለኝ። አሳንሰሩ ሲመጣ ይሰማናል። ቆመ።

በሩ ተከፈተ።

አንዲት ሴት ብቻ ናት ያለችው።

ሁለቱንም ቀሚስ ደርባ ለብሳለች።

"የቷ ናት?" አለኝ አቡሽ፣ በሹክሹክታ።

አላወቅኩም። ሴትየዋ ሁለት እጆቿን ዘረጋችልን፤ አንዱን ለሱ፣ አንዱን ለኔ። አቡሽ ያዛትና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

"ሞቃት ናት፣ እታለም! እሷው ናት! እማ ናት!"

እኔም ያዝኳት።

እኔ የያዝኩት እጇ ግን በረዶ ነው። በጣቶቼ መሀል ውሃ ይወርዳል።

አልለቀቅኳትም። ለማን ብዬ ልልቀቃት?