የሁለት ሰው ማዳበሪያ

«እህቴ፣ እግርሽን አንሺልኝ። የረገጥሽው ልጅ ነው።»

መጀመሪያ የተናገረኝ ቃል ይህ ነው። በዕፅዋት ትምህርት ተመርቄ በከተማው መናፈሻ ችግኝ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩበት ቀን ነበር። ጎንበስ ስል ሁለት ቅጠል ብቻ ያወጣ ቡቃያ ከጫማዬ ሥር ተጣሞ አየሁ። ተንበርክኮ በስንጥር ደገፈው። ቀና ብሎ ሲያየኝ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ ሳለሁ ያፈረው እሱ ነው።

አትክልተኛ ነበር። የመግረዣ መቀስ ከእጁ ስለማይለይ ባልደረቦቹ «መቀስ» ይሉታል። ቡቃያው ለውበት የሚተከል ዛፍ ነው፤ ሌላው ሁሉ አበባውን አራግፎ ሲጨርስ የሚያብብ፣ ለዚያውም ዓመታት ካስጠበቀ በኋላ። ሠራተኞቹ «ኩሩው» ብለው ስም አወጡለት። በሁለተኛው ዓመት ከዋናው በር አጠገብ ተከልነው። መቀስ ጉድጓዱን ሲሞላ ግንዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አፈሩ ሞልቶም ሁለታችንም ከዚያ ለመነሳት አልቸኮልንም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መናፈሻዎቹን ያስተዳደረ ሰው ነው። ከመቀስ ጋር ልንጋባ እንደምንፈልግ ስነግረው የተማረች ልጁን ለአትክልተኛ መስጠት አልተዋጠለትም፤ እንቢ ማለትም አፈረ። ስለዚህ መቀስን ቤት አስጠርቶ እየሳቀ አንድ ነገር አለው።

«በል፣ መጀመሪያ ኩሩው እንዲያብብ አድርገህ ና። አንድ ዛፍ አበባ ማስወጣት ያቃተው ሰው ትዳር አያቀናም።»

«እሺ ጋሼ» አለ መቀስ።

ስንወጣ አባቴ ቀልዱን እንደሆነ፣ ባይሆንም እንኳ ነገውኑ ማዘጋጃ ቤት ሄደን መፈራረም እንደምንችል ነገርኩት። አልሰማኝም። እሺ ብዬ ወጥቼ በጓሮ በር አልመለስም አለኝ።

ስድስት ዓመት ጠበቅን።

ኩሩው ግን አደገ እንጂ አላበበም። ቅጠሉ እንደ መዳፍ ሰፋ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ተደረበ። ሠራተኞቹ ይህ ዛፍ ቅቤ ነው እንዴ የሚጠጣው ይላሉ። አንዷ የጽዳት ሠራተኛማ በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር «ሙሽሪት፣ አበባውን ትተሽ በቅጠሉ ብታገቢስ?» ትለኛለች። አብሬያት እስቅ ነበር።

በየወሩ መጀመሪያ፣ ማለዳ፣ መቀስ ሳይደርስ አንድ ጣሳ ማዳበሪያ ከሥሩ እነሰንስ ነበር። በገዛ እጁ እንዲያብብ ካላደረገው ቃሉን የፈጸመ ስለማይመስለው አልነገርኩትም። ማዳበሪያ የበዛበት ዛፍ ወደ ቅጠል እንጂ ወደ አበባ እንደማይሄድ አውቃለሁ፤ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ውጤት አግኝቼበታለሁ። አንዲት ጣሳ ከልክ እንደማታልፍ ደጋግሜ አስልቻለሁ። ስሌቴም ስህተት አልነበረበትም።

በሰባተኛው ዓመት መቀስ ታመመ። ሐኪሙ ጉበቱ መሆኑን ለሁለታችን፣ የቀረው ጥቂት ወር መሆኑን ለእኔ ብቻ ነገረ።

«አደራሽን» አለኝ አንድ ከሰዓት፣ የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ሆኖ። «የኩሩው ማዳበሪያ እንዳይረሳ። በየወሩ መጨረሻ፣ አንድ ጣሳ።»

«የምን ማዳበሪያ?»

«እኔ የማደርግለትን ነዋ። ማታ አንቺ ወደ ቤት ከሄድሽ በኋላ ነበር የማደርገው። ቸኮለ ብለሽ እንዳትስቂብኝ ብዬ ነው።»

የአንሶላውን ጠርዝ ሳስተካክል ቆየሁ። ከዚያ በላይ የሚስተካከል ነገር ሲጠፋ ነገርኩት።

«እኔም አደርግለት ነበር። በየወሩ መጀመሪያ።»

አትክልተኛ ስለሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እጁን ያዝኩት። የእሱ እጅ ግን መልሶ አልያዘኝም።

ያ የጠገበ አፈር እስኪሳሳ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ሁለት ዓመት አልነበረንም። አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ ባርኔጣውን አንስቶ ተከተለኝና የመቀስ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ።

«በል፣ ልጄን ጠይቀኝ» አለው።

«አላበበም እኮ ጋሼ።»

አባቴ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አንዴ አዞረው።

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅህ። ልጄን ታገባልኛለህ?»

መቀስ ወደ እኔ ዞሮ ለረጅም ጊዜ አየኝ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት ስንተያይ ኖረን እንዲያ አይቶኝ አያውቅም።

ማግስቱን የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ መዝገቡን ይዞ መጣ። መቀስ የፈረመው ትራስ ላይ ተደግፎ ነው። በአርባ አንደኛው ቀን ባሌ ሞተ።

ኩሩው ማዳበሪያው በተቋረጠ በሁለተኛው ዓመት አበበ። ሲሉ ሰማሁ እንጂ አላየሁትም። ከቀብሩ ወዲህ መናፈሻው የምገባው በኋላ በር ነው።

በዚያው ሰሞን የሟች ሚስት መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት አስፈልጎኝ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ቅጹን የምትሞላው ልጅ ጠየቀችኝ።

«በትዳር ስንት ዓመት ኖራችሁ፣ እትዬ?»

አርባ አንድ ቀን መሆኑን ነገርኳት። ብዕሯን አንስታ አየችኝ። ቅጹ ዓመት እንጂ ቀን እንደማይቀበል ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ፤ አዝናልኝ መሰለኝ፣ ከፈለጉ አንድ ዓመት ልበለው አለችኝ።

«አይ» አልኳት። «ዜሮ በይው።»

ጻፈች። ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ የምፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ።