የሙያ ፈቃድ ቁጥር

«ዛሬ ደግሞ ምነው ሙድሽ ጠፋ? ተቀመጪ እንጂ» አሉ ዶክተር አለማየሁ። ከልጆች ጋር ሲያወሩ የልጆችን አነጋገር መጠቀም ይወዳሉ፤ አያምርባቸውም እንጂ።

ሱሃይላ አልተቀመጠችም። በላብ በራሰው እጇ ፎርም ይዛለች። እናቷ ዋፊቃ ልብስ ከምትሰፋበት የኢንዱስትሪ ፓርኩ ፋብሪካ ያመጣችው ነው። ኢንሹራንሱ የልጇን የምክር አገልግሎት የሚሸፍነው ይህ ወረቀት ተሞልቶ ሲመለስ ብቻ ነው ተብላለች። ስምና ፊርማው ቀላል ነው። ከሥር ግን «የባለሙያው የሙያ ፈቃድ ቁጥር» የሚል ባዶ ቦታ አለ።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ሱሃይላ እዚህ የዶክተሩ ቢሮ መምጣት የጀመረችው ከሦስት ወር በፊት፣ የተሳፈረችበት ባጃጅ ከተገለበጠ በኋላ ነው። እግሯ ድኗል። ልቧ ግን ክፍል ውስጥ ቁጭ ባለችበት ድንገት ይደልቃል፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ የምትሞት ይመስላታል። ጎረቤቶች «ዶክተር አለማየሁ ጋ ውሰጃት» አሉ፤ እናቷም ወሰደቻት። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር በሚባልበት ሰፈር፣ የምን ዶክተር ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

«እ... እናቴ ይህን ይሙሉልኝ ብላለች» አለች። ድምጿ ለራሷ እንኳ በደንብ አልተሰማትም።

ተቀብለው ስማቸውን ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማህተም መቱበት።

«ቁጥሩ ቀረ።»

«የምን ቁጥር?»

«የሙያ ፈቃድ።»

«ማህተሙ ይበቃል። እነሱ አያነቡትም።»

«ያለ ቁጥሩ አንቀበልም ብለዋታል።»

ፈገግታቸው ጠፋ። ኪሳቸውን ዳበሱ፣ መሳቢያውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ሱሃይላ ዓይኗን ወደ ግድግዳው አሸሸች። ሦስት ወር ሙሉ የተሰቀሉትን የምስክር ወረቀቶች አይታ ታውቃለች፤ አንብባቸው ግን አታውቅም። አንደኛው ደም ስለለገሱ ነው። ሁለተኛው የሩጫ ውድድር ነው። ትልቁ፣ ወርቃማው፣ «በሦስት ቀን የምክር አሰጣጥ ሥልጠና ስለተሳተፉ» ይላል።

ሦስት ቀን! እሷ ለባዮሎጂ ፈተና እንኳ ከዚያ በላይ አጥንታለች። «ፍርሃቱ ሲመጣ ትንፋሽሽን ያዢ» ብለዋት፣ ይዛ ራሷን ልትስት የደረሰችበት ቀን ትዝ አላት።

«ማነው ይሄን ጠይቂ ያለሽ?» ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ አሁን ካቋረጥሽ ይብስብሻል። አንድ ቀን ጨርቅሽን ጥለሽ መንገድ ላይ ትወጫለሽ። ያኔ እናትሽ ምን ይውጣታል?»

ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራት ነገር አልነበረም። ለማንም ሳትናገር ራሷን የምትጠይቀው እሱኑ ነው፤ ላብድ ነው እንዴ? እንደምንም እጇን ዘርግታ ፎርሙን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«አመሰግናለሁ» ብላ ወጣች። ለምን እንዳመሰገነችው እሷም አታውቅም።

የፋብሪካው ሰርቪስ ዋፊቃን ሲያወርዳት ሱሃይላ ፌርማታው ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ነገረቻት።

«ዶክተር አይደለም እንዴ? ሰው ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው!» አለች ዋፊቃ። «ወላሂ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። አፈርኩ፤ ደግሞስ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«ኡሚ፣ ታብጃለሽ ብሎኛል።»

እናቷ እቅፍ አደረገቻት። «አላህ አያድርገው! ሦስት ቀን የሠለጠነ ሰው ይሄን በምን ያውቃል?» አለች።

ፎርሙን ገለበጡት። ጀርባው ላይ ኢንሹራንሱ የሚቀበላቸው ሆስፒታሎች ተዘርዝረዋል፤ እስከዛሬ ሁለቱም አላዩትም። ከአንዱ ጎን «የአእምሮ ሕክምና ክፍል» ይላል። የሱሃይላ ልብ እንደገና መደለቅ ጀመረ። ሌላ በር፣ ሌላ የማታውቀው ሰው። ያኛውም እንደዚህኛው ቢሆንስ?

ቢሆንም «ነገ እንሂድ» አለች ሱሃይላ። «ግን ከመቀመጤ በፊት እጠይቃለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ይቅርታ፣ የሙያ ፈቃድዎን ሊያሳዩኝ ይችላሉ? ብዬ።»

ዋፊቃ ጥቂት ተራመደች። ከዚያ መንገደኛ እንዳይሰማት ድምጿን ቀንሳ፣ «ይቅርታ፣ የሙያ...» ብላ ጀመረችና ቀሪው ጠፋባት።

«እስቲ እንደገና በይው ልጄ» አለች። «እኔም ልልመደው።»