ሰማንያው ቀን እስኪሞላ

አወይ የእናት ጆሮ! በ1999 ዓ.ም.፣ ከዘመሮ ገበያ ወዲህ ባለ አንድ የአራስ ቤት ውስጥ፣ አማከለች የአሥራ ሁለት ቀን ልጇ የየምሥራች አናት ላይ ጆሮዋን ለጥፋ የሰማችውን ማንም አልሰማላትም። ከሕፃኗ ራስ ውስጥ እንደ ክረምት ፈሳሽ ሽው… ሽው… የሚል ድምፅ ይወጣል። የግንባሯ ሥሮች ተገትረዋል፤ ሁለቴ ሳትጠባ ላብ በላብ ትሆናለች፤ ትንፋሿ ዳገት እንደሮጠ ሰው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እማማ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት» አለች አማቷን ተናኘወርቅን።

«የአራስ ጆሮ መጮሁ ያለ ነው፤ ይልቅ አጥሚትሽን ጠጪ!»

«የኔ ጆሮ አይደለም፤ የሷ ጭንቅላት ነው እኮ!»

«ክርስትና ሳትነሣ ከዚህ ደጅ አትወጣም አልኩ! ሴት ልጅ ሰማንያ ቀኗ ነው። መንገድ ላይ ብትቀርብንስ?»

ተናኘወርቅ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑማ በቀለለ! በወጣትነታቸው የበኩር ልጃቸውን መርፌ ሊያስወጉ ሲወስዱ መንገድ ላይ ሞታባቸው፣ ሳትጠመቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀብራለች። ያን አፈር ዳግም ማየት ፈሩ። የአማከለች ባል፣ ምንይሉስ የት ነበር? እሱማ ከእናቱም ከሚስቱም ላለመጣላት በጎቹን አስቀድሞ ሜዳ መዋልን መረጠ… ጀግና! ሃያ፣ አርባ፣ ስድሳ… አማከለች ቀን ስትቆጥር የልጇ ራስ እያበጠ፣ ጡት መሳብ እያቃታት ሄደ።

በሰማንያኛው ቀን መምሬ መርስዔ ኃዘን ሕፃኗን ሊያጠምቁ ሲቀበሏት ደነገጡ። «መቼ ጀመራት?»

«በአሥራ ሁለት ቀኗ» አለች አማከለች።

«ታዲያ ምነው ሳትጠሩኝ? ለነፍሱ ለሚያሰጋ ሕፃን እኮ ቀን አይጠበቅም! ያኑ ዕለት አጠምቃት ነበር!»

ተናኘወርቅ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

ሕፃኗ ተጠምቃ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሟ የአልትራሳውንድ መሣሪያውን በእርግብግቢቷ ላይ አሳርፋ ምስሉን ወደ አማከለች አዞረች። «ደም የሚያመጣው ሥርና የሚመልሰው ሥር አንጎሏ ውስጥ በቀጥታ ተገናኝተዋል። መሐል ላይ ፍጥነቱን የሚያበርዱት ቀጫጭን ሥሮች ስለሌሉ ደሙ እየተንደረደረ ይመለሳል። ልቧ በዚህ ደክሟል።»

«መዳኛ የለውም?» አለች አማከለች።

«በጭኗ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ አንጎሏ ድረስ አድርሰው፣ መገናኛውን ይደፍኑታል። እዚህ ግን አይሠራም። ቀደም ብላ ብትመጣ ልቧን በመድኃኒት ደግፈን ውጭ ለመላክ እንሞክር ነበር… አሁን መንገዱን አትችለውም።»

በሦስተኛው ቀን የምሥራች እናቷ ደረት ላይ አረፈች። ያ ድምፅም ጸጥ አለ… ምነው ዕድሜ ልኳን ሲጮኽባት በኖረ!

ከቀብር መልስ ተናኘወርቅ ከምራታቸው እግር ሥር ወደቁ። «ርገሚኝ፣ ልጄ!»

«እርስዎን ረግሜ እኔን ማን ይርገመኝ? በሩ አልተቆለፈብኝ፤ እግር አላጣሁ! ቆጥሬ ቆጥሬ ገደልኳት…»

ተቃቅፈው ሲንሰቀሰቁ ለቀስተኛው «ዕጣ ፈንታዋ ነው» እያለ ያጽናናል። ዕጣ ፈንታ? ዕጣ ፈንታ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ካህን ግን ካልጠሩት አይመጣም። ከአማከለች ደጅ እስከ መምሬ ቤት ደግሞ ያለው አንድ የገብስ ማሳ ነበር… አንድ የገብስ ማሳ ብቻ!